ግማሽ ክኒን

የሚስቴ የሶልያና ሳጥን ከተዘጋ ሰባ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ቀን የምቆጥረው እኔ ነኝ። እሷ ቀን አትቆጥርም፤ መስመር ነው የምታነበው።

ማለዳ አንድ ሰዓት ሲሆን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከተገጠመው ሳጥን ፊት ትቆማለች። ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ትከታለች፣ መርፌው ይወጋታል፣ የሳጥኑ ሰሌዳ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች አንድ አንድ ነጥብ ይረዝማሉ። ሰማያዊው የሰሚዎቹ ነው፤ ቀዩ፣ ሳጥኑ ካወጣው መድኃኒት ተሰልቶ የሚገመተው፣ የእምቢተኞቹ። ሳጥኑ የሚከፈት ከሆነ ጠቅ ይልና አንድ ክኒን ያወጣል። የማይከፈት ከሆነ ምንም አይልም። እዚህ አዳማ፣ በኛ ሕንጻ ብቻ፣ በዚያች ደቂቃ አርባ ሦስት ሰው ጣቱን ይወጋል። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው።

«ተከፈተ?»

«አልተከፈተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቢከፈትም እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ሳጥኖቹን የሚያዘው ስሌት የሚያደርገውን ያውቃል ተብሎ ይታመናል። እኔም አምን ነበር።

ሶልያና ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ዕጢው ሆዷ ውስጥ የተገኘ ጊዜ ከስሌት ጽሕፈት ቤት የተላከው ሰው ሊያስረዳን መጥቶ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል፣ እሷው ቀድማ አስረዳችኝ። «አየህ እዮሲ፣ ሰሚዎቹ መድኃኒት የሚገድላቸው የዕጢው ሕዋሳት ናቸው። እምቢተኞቹን አይገድላቸውም። ሰሚዎቹን ጠርገህ ከጨረስካቸው ሜዳው ለማን ቀረ? ለእምቢተኞቹ። ስለዚህ ሰሚዎቹ ይኑሩልኝ፤ ቦታ ይዘው እነዚያን ይጋፉልኝ።» ዕጢው ከልኩ ሲያልፍ ሳጥኑ ይከፈታል። ወደ ግማሹ ሲወርድ ይዘጋል። ማዳን የሚባል ነገር የለም፤ ማቆየት ነው ያለው። እንዲህ ሆነው ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎች አሉ።

ነገሩ ከተለመደ ቆይቷል። በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ሰሚዎቻችን እንዲበረክቱ ይጸለያል። ሽማግሌ ሲላክ የልጁ ቤተሰብ መስመር ታትሞ አብሮ ይላካል። ሶልያና ራሷ ጠዋት ጠዋት ሆዷን እየዳበሰች «እንዴት አደራችሁ ልጆች?» ትላለች፤ ክፍል ስትገባ ትል እንደነበረው። እኛ ልጅ አልወለድንም። መጀመሪያ ሰሞን ስትላቸው እስቅ ነበር፤ በኋላ ተውኩት።

በሰባ አንደኛው ቀን ቀሚሷ ሆዷ ላይ አልዘጋ አላት። ሰማያዊው መስመር ልኩ ጋ ለመድረስ ገና ሁለት ጣት ያህል ይቀረዋል። በጎኗ መተኛት አትችልም፤ ቁጭ ብላ የነጠላዋን ጫፍ እየነከሰች «ይደጉ፣ ይደጉ፣ ትንሽ ነው የቀራቸው» ትላለች። እኔ አሳንሰር ጠጋኝ ነበርኩ። አርባ ዓመት ሙሉ የተዘጋ ሳጥን እየፈለቀቅሁ ሰው ሳወጣ ኖሬያለሁ። (የኛ ሕንጻ አሳንሰር ከቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መለዋወጫ የለም፤ እሱን አትጠይቁኝ።) ይህችን ሳጥን ግን ጫፏን ብትነካት ጽሕፈት ቤቱ ያውቃል። ስለዚህ ሚስቴ ስታቃስት ከሳጥኑ ፊት ቁጭ ብዬ አያታለሁ።

ፊት ለፊታችን፣ በመተላለፊያው ማዶ፣ ኤልዳና ትኖራለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጇ ጅጅጋ ነው ያለችው። ሃያ አራት ዓመት ተጎራብተናል። የሷም ዕጢ ሆድ ውስጥ ነው፣ ክኒኑም ያው አንድ ዓይነት ነው። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ከምሳ በኋላ ሁለቱ ሴቶች መስመራቸውን ያስተያያሉ። ሶልያና በእጇ ያልሣለችውን መስመር ስለማታምን የራሷንም የኤልዳናንም በካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ትሥላለች። በዚያ ሰሞን የኤልዳና ሳጥን ሊከፈት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ሰኞ ማለዳ ተከፈተላት፤ ሶልያና መታጠቢያ ቤት ሳለች፣ ኤልዳና በሩን አንኳኳች። መሐረብ ይዛለች። መሐረቡን ስትፈታው ግማሽ ክኒን አለ።

«ግድግዳው ስስ ነው እዮስያስ» አለችኝ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ስታቃስት ሰማኋት። እሷ እንዲያ እየሆነች እኔ ብቻዬን ልውጥ? አልወርድ አለኝ።»

«ኤልዳና፣ ይሄማ አይቻልም።»

«ለሷ አትንገራት። ሒሳብ ታበዛለች።»

«አይቻልም እኮ ነው የምልሽ!»

«በሞቴ! አፈር ስሆን! ግማሽ እኮ ነች።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን አይቻልም እያልኳት እጄ ተዘርግቶ ነበር፤ ይህን ልደብቅ አልችልም።

እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ሽንኩርት ሲያልቅ ከላይ ቤት፣ ጨው ሲያልቅ ከታች ቤት ነው። ሰው እያየው ብቻውን የሚጎርስ ሰው በኛ ሕንጻ ስሙ አይነሣም። ክኒኑንም እንደዚያው አየነው። ስሌቱን የሠሩት ሰዎች ብዙ ነገር አስበዋል፤ ሞት የተፈረደባት ሴት መድኃኒቷን ለጎረቤቷ ትቆርሳለች ብለው ግን አላሰቡም። ሳጥኑ የሚቆጥረው ያወጣውን ብቻ ነው።

ኤልዳና በምላጭ ትቆርጠዋለች፤ ልብስ ሰፊ ናትና ትክክል ለሁለት ይከፈላል። እኔ የሶልያናን ድርሻ በማንኪያ ጀርባ አደቅቀዋለሁ። ምሳ ላይ የመጀመሪያው ጉርሻ ሁልጊዜ የኔ ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ ነው ልማዱ። ሽሮው ውስጥ ለውሼ አጎርሳታለሁ።

«ምነው ዛሬ መረረኝ?»

«ሚጥሚጣው ነው። አዲስ ነው።»

አንዳንድ ቀን ግማሹን ጉርሻ ወደ ሳህኑ ትመልሰዋለች። ያኔ ከዚያችው ከለወስኳት ሌላ አነሣና «በሞቴ» እላለሁ። በሞቴ ከተባለች ትጎርሳለች።

መካፈል በጀመሩ በአሥረኛው ቀን ቀሚሷ ዘጋ። በሃያኛው ቀን ደረጃውን ወርዳ ፀሐይ ሞቀች፤ ኤልዳና የሰፈር ሐሜት ስታወራላት ሳቋ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሰማኝ። ሰሌዳው ላይ የሷ መስመር ያለ መድኃኒት ቆመ፣ ከዚያም ያለ መድኃኒት ወረደ። ጽሕፈት ቤቱ የእንኳን ደስ ያለዎት መልእክት ላከ፦ የቀሪ ዕድሜ ግምት ከስድስት ዓመት ወደ አሥራ አራት ከፍ ብሏል። ሶልያና መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሰሚዎቼ ጨዋ ሆኑ ማለት ነው» አለች፤ ግን ደብተሩ ላይ ስትሥለው ላጲስ አበዛች። እኔ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። መዋሸት አልፈልግም፤ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

የኤልዳናን መስመር ልብ ብዬ አላየሁትም።

በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስሌት አንባቢዋ መጣች። አስካለ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዘንድሮ ወጣቶቹ ሁሉ ስማቸው የቅድመ አያት ነው፤ እዮስያስና ሶልያና የምንባለው እኛ ሽማግሌዎቹ ነን። ስሌት አንባቢ ስትመጣ እንደ መርዶ ጎረቤት ይሰበሰባልና እኔና ሶልያናም ኤልዳና ቤት ገብተን ተቀመጥን። ልጅቷ አራት ፎቅ ስለወጣች መጀመሪያ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እትዬ ኤልዳና፣ ሳጥኑ ሃምሳ ሁለት ክኒን አውጥቶልዎታል። ዕጢው ግን መቀነስ የነበረበትን ያህል አልቀነሰም። ስሌቱ፣ እምቢተኞቹ አሸንፈዋል ብሏል። ከነገ ጀምሮ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ስምዎ ወደ ስንብት መዝገብ ተዛውሯል። ጥያቄ አለዎት?»

ኤልዳና እኔን አየችኝ። አንዴ ብቻ ነው ያየችኝ።

«የለኝም የኔ ልጅ» አለች። «ደክሞሻል፤ ውሃ ላምጣልሽ?»

አንድ ቃል ብናገር ኤልዳና ትተርፋለች። በየሳጥኑ ክዳን ላይ ግን የተጻፈ ደንብ አለ፤ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ ከሳጥኑ ውጭ መድኃኒት የወሰደ ከስሌቱ ይወጣል። ከተናገርኩ ሶልያና ትወጣለች። ዝም አልኩ። አጠገቤ ሶልያና ኤልዳናን አቅፋ እየተንሰቀሰቀች ነበር።

ስንወጣ ኤልዳና በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «እንዳትናገር» አለችኝ በሹክሹክታ። «እሷ አሥራ አራት ዓመት ተሰጥቷታል። እኔ ማን አለኝ?»

«ልጅሽስ?»

«ልጄ ትልቅ ሰው ናት።»

በዚያች ሰዓት መጀመሪያ ያሰብኩት ከነገ ጀምሮ ግማሹን ክኒን ከየት ላምጣ የሚለውን ነው። ከኤልዳና በፊት ያሰብኩት እሱን ነው። አሁን ስጽፈው ራሴን እጸየፋለሁ።

ሶልያና ሦስት ቀን ከካሬ ደብተሯ አልተነሣችም። ለኤልዳና ሾርባ ታደርሳለች፣ ትመለሳለች፣ እርሳሷን ትቀርጻለች። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ እንደ ልማዴ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፏ ሳደርስ የእጄን አንጓ ያዘችው።

«አስቀምጠው» አለች። ደብተሩን ወደኔ አዞረችው። «ይኸውልህ የኤልዳና መስመር። ሙሉ ክኒን ከወሰደች እዚህ ታች መሆን ነበረባት። እዚህ ላይ ነች። እንደው ግማሽ ብትወስድስ ብዬ ሠራሁት፤ ልክ መጣ። ነጥብ አልሳተም።»

ገጹን ገለጠች።

«ይሄ ደግሞ የኔ ነው። ምንም ካልወሰድኩ እዚህ ላይ መድረስ ነበረብኝ። ግማሽ ብዬ ሠራሁት። አንዳንድ ቀን ይጎድላል፣ አንዳንድ ቀን ያልፋል፤ ግን ተጠጋ።» እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከሷ የጎደለው እኔ ጋ ነው ያለው እዮሲ። ሽሮው ለምን እንደሚመር አሁን ገባኝ። ስንት ቀን?»

«ሃምሳ ሁለት።»

ብትጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልጮኸችም። «እምቢተኞቹ አላሸነፏትም» አለች፤ ለራሷ የምትናገር ትመስል ነበር። «ኤልዳና ገና ሰሚ አላት። መድኃኒቱ ይሠራላታል። አንተ ይህን እያወቅህ ሦስት ቀን ዝም አልክ።»

የጮኽኩት እኔ ነኝ። «ታዲያ አንቺን ልጣ? ታቃስቺ ነበር ሶሊ! ፊቴ ቁጭ ብለሽ ነጠላ ስትነክሺ ምን ላድርግ? እኔ ሰው ነኝ፣ ስሌት አይደለሁም! እኔ ያላንቺ ማን አለኝ?»

«አውቃለሁ» አለችና ተነሣች። ሳጥኑ ግርጌ ያለውን የጥሪ ቁልፍ ተጫነችው። ልይዛት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልደረስኩባትም። እንዲህ ፈጥና ስትራመድ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነው።

አስካለ በማግስቱ ከሁለት ቴክኒሻኖች ጋር መጣች። ኤልዳናን ወደኛ ቤት ጠራቻት። ሶልያና ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከች፤ ደብተሯንም ሰጠቻት። ልጅቷ በያዘችው ሰሌዳ ላይ ሃምሳ ሁለት ሙሉ የሚለውን ሰርዛ ሃምሳ ሁለት ግማሽ አለች፤ የኤልዳና መስመር እዚያው ዓይናችን ሥር ታጠፈ። ሰባት ዓመት። ግማሽ መጠን ባትወስድ አሥራ አንድ ይሆን ነበር፤ ቢሆንም ሰባት። ኤልዳና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«የኔዋንም አስተካክይልኝ» አልኳት። «ያው ግማሽ ነው። እኩል ነው የተካፈሉት።»

«ጋሼ» አለች አስካለ፣ «ስንቱ ሆዳቸው ገባ? ስንቱ ሳህን ላይ ቀረ? የእትዬ ኤልዳናን ሳጥኑ ቆጥሮታል። የእርስዎን ጉርሻ ማን ቆጠረው?»

«ሁልጊዜ እኩል ነበር።»

«ወደ ሳህን የመለሱት ቀን አልነበረም?»

አልነበረም ልል አፌን ስከፍት ሶልያና ቀደመችኝ። «ነበር» አለች። «ብዙ ቀን መልሻለሁ።»

ልጅቷ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን በዝግታ ነው የተናገረችው። ግማሽ መጠን እምቢተኞቹን ያሳድጋል። አሁን ሶልያና ውስጥ ስንት እምቢተኛ እንዳለ ስሌቱ አያውቅም። ለማወቅ አንድ ዓመት ያለ መድኃኒት መታየት አለባት። የማይታወቅ መስመር ከገባ ደግሞ በሱ ተመሥርቶ የሚሰላው የሌላው ሰው መስመር ሁሉ ይሳሳታል።

«አንድ ዓመት አላት?» አልኩ።

አስካለ ጫማዋን አየች።

«እኔን ቅጡኝ። እሷ ምንም አታውቅም ነበር። ያጎረስኳት እኔ ነኝ!»

«ስሌቱ የሚመዘግበው የወሰደውን ሰውነት ነው፣ ጋሼ።»

ክፉ ልጅ አይደለችም። የሕመም ማስታገሻ ትታልን ሄደች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ቴክኒሻኖቹ ሳጥኑን ሊያወርዱ ሲሉ መፍቻቸው አልገጥም አለ፤ ብሎኑ የድሮ ነው። የራሴን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ውሃ ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ሳጥኑን ተሸክመው ደረጃውን ወረዱ። ግድግዳው ላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቀረ።

የዚያን ዕለት ሶልያና አልጋዋ ላይ ሆና ትእዛዝ ሰጠችኝ። «ኤልዳናን አውቃታለሁ፤ ነገም ይዛ ትመጣለች። በሩ ላይ፣ ፊትህ ትዋጠው። ሙሉውን። ከዋጠች በኋላ አፏን ትክፈት፣ ምላሷን ታንሳ። ክፍል ውስጥ ማስቲካ የሚደብቁትን እንዲያ ነበር የማደርጋቸው።»

ይኸው አርባ ቀን አለፈ። በመተላለፊያው ማዶ ጠቅ ሲል እስከ አልጋችን ይሰማል። ኤልዳና ትመጣለች፣ ፊቴ ቆማ ትውጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ምላሷን ታነሣለች፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ደረጃ የሚወጣ የሚወርደው ሰው መጀመሪያ ይገረም ነበር፤ አሁን ሰላም ብሎን ያልፋል። ሶልያና ግን ከእጄ አትጎርስም። ምግቡን አጠገቧ አስቀምጥላታለሁ፤ ትንሽ በራሷ እጅ ትቀምሳለች። ሆዷ ከቀድሞውም በልጧል። «እንዴት አደራችሁ» ማለቱን ትታለች። የሚሰማት እንደሌለ ታውቃለች።

ዛሬ ምንም ካልቀመሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ማስታገሻው ከአንድ ሰዓት በላይ አይይዝላትም። ማለዳ ጠቅ ሲል ከአልጋው አጠገብ ሆኜ እጇን ይዤ ነበር። ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ኤልዳና መሐረቡን ዘርግታ ቆማለች። ክኒኑን ቤቷ ቆርጣው መጥታለች፤ ሁለቱ ግማሾች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከኋላዬ ሶልያና ታቃስታለች፤ ያ ስስ ግድግዳ እንኳ በመሐላችን የለም።

«በሞቴ እዮስያስ» አለችኝ ኤልዳና። «አንዷን። አንዷን ብቻ። ዛሬ ብቻ።»

አንዷን አየኋት። እጄ እንደ መጀመሪያው ቀን ተዘረጋ፤ ልመልሰው ብል እንኳ የምችል አልመሰለኝም። ከዚያ ሁለቱንም ግማሾች አንድ ላይ አነሣሁና ኤልዳናን አጎረስኳት።

ልትተፋው ፈልጋ ነበር። በመዳፌ አፏን ያዝኩባት። እያለቀሰች ዋጠች። እጄን ሳነሣ አፏን ከፈተች፣ ምላሷን አነሣች።

«ዋጠች?» አለች ሶልያና ከውስጥ።

«ዋጠች» አልኳት።